ማግኔት ያልያዛት መኪና

የአዲስ አበባ ሰው ያገለገለ መኪና ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሚስት ሲያጭ እንኳ እንደዚያ አይመረምርም። መጀመሪያ ዝም ብሎ አንድ ጊዜ ይዞራታል። ቀጥሎ በጣቱ አንጓ በሩን ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። አጎንብሶ ከሥር ያያል፤ ምን እንዳየ ግን አይናገርም። በመጨረሻ ከኪሱ ማግኔት ያወጣል።

ዳኛዋ ማግኔቷ ነች። ላሜራ ላይ ትለጠፋለች። መኪናው ተጋጭቶ፣ ጎድጓዳው በስቱኮ ተሞልቶ፣ ከላይ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ደግሞ እዚያች ቦታ ላይ አትይዝም፤ ጠብ ትላለች። በቃ፣ ሻጩ ተዋረደ። ስቱኮ ያው እንደ ሊጥ ተለውሶ ይቀባና ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ስንቱን ጉድ እንደሚሸፍን ጋራዥ ያለ ሰው ይንገራችሁ። "ጠርጥር፣ ከገንፎም መሀል አለ ስንጥር" ይባል የለ? በዚህ ከተማ ሰው የሚተዳደረው በዚህ ተረት ነው። እኔም አምንበት ነበር። አሁን ግን ገንፎውም ስንጥሩም አስጠልቶኛል። ለምን? ቆይ፣ እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ካዛንችስ ነው፤ ከኡራኤል ወረድ ብሎ፣ አንድ ቀጭን ቅያስ ውስጥ። ጡረታ እስክወጣ አንድ የውጭ ድርጅት ንብረት ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ አለቃዬ የነበረው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሻንጣውን ጠቅልሎ ሲሄድ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ውሻና አንድ መኪና ትቶልኝ ሄደ። ውሻው ሞተ። ቁም ሳጥኑን ምስጥ በላው። መኪናዋ ቀረች።

ምን ዓይነት መኪና አትሉኝም? ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ቁመቷ አጭር። ፈረንጆቹ ለሽቅድድም ነው የሠሯት፤ እኛ ቅያስ ውስጥ ግን አህያ እንኳ ቀድማ አታውቅም። ውስጧ ስትቀመጡ ዓይናችሁ ከሚኒባስ ጎማ ጋር ይተያያል። ቀይ ነች። አካሏ ደግሞ ላሜራ አይደለም። ፋይበር ግላስ ይሉታል፤ የመስታወት ክር እንደ ጨርቅ ተሸምኖ፣ በሙጫ ተነክሮ፣ ደርቆ የሚሠራ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ይህን ሲነግረኝ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ዕድሜ ልኳን ዝገት አይነካትም አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልነካትም።

ያለችኝ አንዲት ልጅ ነች፤ ቤዛ ትባላለች። መኪናዋ ስትመጣ አምስት ዓመቷ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከጎኔ ትቀመጥና መስቀል አደባባይ ደርሰን እንመለሳለን፤ ያየችውን ሁሉ በእጇ ሰላም እያለች። ሰባት ዓመት ሲሆናት ከግንቡ ላይ የመኪናዋ ኮፋኖ ላይ ዘለለች። ኮፋኖው ተበሳ። ልቆጣ ስወጣ ቀዳዳው ውስጥ ጣቷን ከትታ፣ "አባዬ፣ መኪናችን ፀጉር አላት" አለችኝ። እንዴት ይቆጡ? የፋይበር ጨርቅና ሙጫ ፈልጌ አብረን ደፈንነው። ክሩ መዳፏ ውስጥ ገባ። እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጠን፣ ስንጥሩን በፕላስተር እየለጠፍኩ አንድ በአንድ ነቀልኩላት። ለቅሶዋን ሳትጨርስ፣ እኔ ሳገባ በዚህች መኪና ነው የምወጣው አለች። አሜን አልኩ።

የልጅ ነገር ነው። እሷ በማግስቱ ሳትረሳው አልቀረችም። እኔ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ይዤው ኖርኩ።

በእነዚያ ዓመታት መኪናዋ አረጀች። ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆመች። ዶሮ ገብቶ እንቁላል ጣለባት። ቀለሟ ለቅቆ የቀይ ሥር ውሃ መሰለች። ሚሊኒየሙን አክብረን ብዙም ሳንቆይ ለቤዛ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ዳዊት ይባላል፤ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ አላማውም። አባቱ አቶ ዘለቀ ናቸው። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ያገለገሉ መኪናዎች ይሸጣሉ። የራሳቸውን ጥላ እንኳ ዞር ብለው የሚያዩ ሰው ናቸው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ።

እኔም መኪናዋን እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ቀለም እቀባለሁ አልኩ። ባለቤቴ አስካለ፣ ሰውዬ ጤና የለህም እንዴ አለችኝ። ሁለት ወንበር ባላት መኪና ሙሽራው የት ሊቀመጥ ነው? ሚዜዎቹስ? ኮፋኖው ላይ ልትደረድራቸው ነው? ሐሳቤን አስረዳኋት። የእኛ ቅያስ ጠባብ ነው፤ የሙሽራ መኪና አይገባም። አጀቡ አስፋልቱ ዳር መቆሙ አይቀርም። ከደጃችን እስከ አስፋልቱ ሦስት መቶ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እሷን ብቻ ጭኜ ሦስት መቶዋን እርምጃ እነዳለሁ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ከኋላ ይከተሉ። አስፋልቱ ላይ ወርጄ በሩን ከፍቼ አስረክባለሁ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ወንበር። ይሄ በዛ? አስካለ ግን ወግ አይደለም አለች። ወግ ማለት አንድ ቀን አንድ ሰው የጀመረው ነገር ነው አልኳትና ሸራውን ገፈፍኩ።

ሸምሱን ጠራሁት። ሸምሱ የመኪና አካል ቀጥቅጦ በማቅናትና በመቀባት ሃያ ዓመት የኖረ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። መዶሻውንና እሳት የሚተፋ ጋዙን ተሸክሞ መጣ። አንድ ጊዜ በመዶሻው መታ አደረጋትና ቆመ። ድምፁን አልወደደውም። ደግሞ መታ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ላሜራ አይደለም" አለኝ። አይደለም አልኩት። ታዲያ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የድሮውን ቀለም በእሳት ልለብልበው ሲል ጮኼ አስቆምኩት፤ ፋይበር በእሳት ይያያዛል። ሌላ መንገድ የለም፤ በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ፣ በእጅ፣ ስንዝር በስንዝር መፈግፈግ ነው። ሸምሱ የራሱ ሥራ አለው። ፍተጋው ለእኔ ቀረ።

ሁዳዴን ሙሉ ፈገፈግኩ። የፋይበር አቧራ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ታድሏል። አይታይም፤ ያሳክካል። አንገት ሥር ይገባል፣ አልጋ ውስጥ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አክካለሁ። ከጎኔ የነበሩት ቀስ እያሉ ራቅ አሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት አንዱን ዓምድ ለብቻዬ ያዝኩት። አስካለ ፀበል ካልገባህ ብላ አሰረችኝ። የሚያጠምቁት አባት ምን ያምሃል ሲሉኝ፣ መኪና አልኳቸው። ከሌላው ሰው የበለጠ ውሃ አፈሰሱብኝ።

ቀለም የሚረጨው ደግሞ ሲነጋጋ፣ ነፋስ ሳይነሳ ነው። መሬቱን ውሃ አርከፍክፈን አቧራውን አስተኛን። ዙሪያውን ላስቲክ ወጠርን። ጎረቤቶቼን ዛሬ ልብስ አታስጡ ብዬ ቤት ለቤት ዞሬ ለመንኩ። ሁሉም እሺ አሉ፤ ሁሉም አሰጡ። እስከ ዛሬ ድረስ የካዛንችስ ነጠላ ላይ ቀይ ነጥብ ካያችሁ የእኔ ነው። የመጀመሪያው ቅብ እንዳለቀ መብራት ሄደ፤ ኮምፕሬሰሩ ትንፋሹ ቆመ። ሦስት ቀን ጠበቅን። ቅቡ ላይ የተለጠፈችውን ትንኝ እንደገና ፈግፍገን፣ እንደገና ቀባን። በመጨረሻ ሸምሱ ላስቲኩን ሲገፈው እንባዬ መጣ። መኪናዋ እንግሊዛዊው ቁልፉን የሰጠኝን ቀን መስላ ቆማለች። ቤዛ ከሥራ ስትመለስ አሳየኋት። "እንዴት ታምራለች" አለችና ወደ ቤት ገባች። ደክሟት ነው ብዬ አሰብኩ።

አቶ ዘለቀ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው የመጡት ለዳግም ትንሣኤ ነው። ስለ ሠርጉ ቀን አጀብ ልንነጋገር። ገና ከበር ሲገቡ መኪናዋን አዩና፣ ይህች ደግሞ ከየት መጣች ብለው አደነቁ። እኔ ኮራሁ። ሐሳቤን ነገርኳቸው፤ ሦስት መቶ እርምጃ። ፈገግ አሉ። ዞሯት። ቀጥሎ ጣታቸው በሩ ላይ ኳ ኳ አለ፤ ይኸው ልማድ ነው፣ ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙም በሩን ሳያንኳኩ አይቀሩም። ድምፁን ሲሰሙ ፈገግታቸው ጠፋ። ከቁልፍ መያዣቸው ላይ ማግኔቷን ፈቱ።

በሩ ላይ አስጠጓት፤ ጠብ። ከመሬት አንስተው ኮፋኖው ላይ፤ ጠብ። ጣሪያው ላይ፤ ጠብ። ማግኔቷን አገላብጠው አዩዋት። በገዛ ቁልፋቸው ሞከሯት፤ ያዘች። እንደገና መኪናዋ ላይ፤ ጠብ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"አቶ መላኩ፣ ብዙ መኪና አይቻለሁ" አሉኝ አቶ ዘለቀ። "በሩ ስቱኮ የሆነ፣ ጎኑ ስቱኮ የሆነ አይቻለሁ። ከአፍንጫ እስከ ጅራት ስቱኮ የሆነ መኪና ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።"

ሳቅኩ። መሳቄ ጎዳኝ መሰለኝ። ፋይበር የሚባል ነገር ነው፣ የመስታወት ክር ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። አንደኛው ሽማግሌ፣ መስታወት ይፈተላል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ይፈተላል አልኩ። ሌላኛው አንገታቸውን ደፉ፤ ስለ እኔ አፍረው። ሰው ማስረዳት ሲያበዛ የሚደብቀው ያለ ይመስላል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ግን ማቆም አቃተኝ። ሸምሱ ይጠራ፣ እሱ ይመስክር አልኩ። አቶ ዘለቀ፣ ቀቢው ስለ ቅቡ ምን ብሎ ሊመሰክር ነው አሉ።

በዚህ መሀል ቤዛ የለስላሳ ትሪ ይዛ የቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። እግዜር ምስክር ላከልኝ አልኩ በልቤ። ይህችን መኪና በገዛ እግሯ የበሳች፣ ፀጉሯን በዓይኗ ያየች፣ ስንጥሯን በመዳፏ የያዘች ልጅ እያለችኝ ምን አስጨነቀኝ?

"ቤዛ፣ እስኪ አንቺ ንገሪያቸው" አልኳት። "ምንድን ነች ይህች መኪና?"

ትሪውን አየች። ጠርሙሶቹን አየች።

"እኔ ስለ መኪና አላውቅም" አለች።

ጴጥሮስ ጌታውን በካደ ጊዜ ዶሮ ጮኸ ይባላል። ያን ቀን ከካዛንችስ ዶሮ አንድም አልጮኸ። ለስላሳው ተቀዳ። አቶ ዘለቀ ማግኔቷን በመሐረባቸው ጠርገው ወደ ቦታዋ መለሷትና በጣም በትሕትና፣ መኪና እኛ እናመጣለን፣ ነጭ ሊሞዚን ነው፣ እርስዎ አይቸገሩ አሉኝ። ሦስት መቶዋስ እርምጃ አልኩ፤ ለምኜ ማለት ይቻላል። መሀል ላይ ብትፈረፈርስ አሉኝ።

ያን ሌሊት ለቤዛ ምክንያት ስፈልግላት አደርኩ። ደንግጣ ነው አልኩ። ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ ትናገር አይባልም አልኩ። የልጅነቱን ነገር ረስታው ነው አልኩ። አባት ሞኝ ነው፤ ምክንያት ካጣ ራሱ ይፈጥራል።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ዝናብ ጣለ። ነጩ ሊሞዚን አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ እንዳልኩትም ቅያሱ ውስጥ መግባት አልቻለም። ልጄ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ሚዜዎቹ ጃንጥላ ይዘውላት፣ ሦስት መቶዋን እርምጃ በጭቃ ውስጥ በእግሯ ሄደች። መኪናዋ በሩ ላይ፣ ታጥባ፣ አፍንጫዋን ወደ አስፋልቱ አዙራ ቆማ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቤዛ በአጠገቧ ስታልፍ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። እልል ተባለ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የማግኔቷ ወሬ ተዛምቶ ሰፈሩ ስም አውጥቶልኝ ጨረሰ። መላኩ ስቱኮ ይሉኛል። እድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር።

ለመልስ ሲመጡ፣ ሰዉ ሁሉ ዳስ ውስጥ ሲጨፍር፣ ቤዛ ወደ መኪናዋ መጣች። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም። ድሮ የበሳችው ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ቦታውን አልረሳችውም።

"አባዬ፣ ፋይበር እንደሆነች አውቃለሁ" አለችኝ።

"ታዲያ?"

"ነጩን ነበር የምፈልገው። ጓደኞቼ ሁሉ በነጭ ነው የወጡት። አንተ ደግሞ ሁዳዴን ሙሉ እያከክህ ፈገፈግክ፤ በቃ፣ እንዴት ብዬ እምቢ ልበልህ? አባባ ዘለቀ ማግኔታቸውን ሲያወጡ እግዜር የላካቸው መሰለኝ።"

እንኳን ነጩ ሆነልሽ አልኳት። ሳመችኝና ወደ ዳሱ ተመለሰች። እኔ እዚያው ቆሜ ሳስበው፣ ሁሉንም ጠርጥሬ ነበር። አቶ ዘለቀን ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር። ሸምሱን፣ ቀለሙን፣ ጎረቤቱን፣ መብራቱን ጠርጥሬ ነበር። እሷን ለመጠርጠር ግን ማን አስቦ? ስንጥሩ ያለው ሁልጊዜ ሳይፈትሹ በሚጎርሱት ገንፎ ውስጥ ነው። በጣም አዘንኩባት። አሁንም አልወጣልኝም፤ ወጣልኝ ብል ውሸት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ከስድስት ወር በኋላ አቶ ዘለቀ ብቻቸውን መጡ። ቤዛ ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነች። ሰላምታውን ሳንጨርስ ማግኔታቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

"አቶ መላኩ፣ እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር ስላለ ነው የመጣሁት" አሉ። "አንድ ፈረንጅ ደንበኛዬ፣ የመስታወት ክር የሚባል መኪና እውነትም አለ አለኝ። የእርስዎ መኪና እንደዚያ ከሆነች በድዬዎታለሁ። እነዚያኑ ሽማግሌዎች ሰብስቤ፣ ካሳ ከፍዬ፣ በሰፈርዎ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ስድስት ወር የጠበቅኩት ቃል ይኸው መጣ። ከስቱኮነት ልወጣ ነው። አፌን ልከፍት ስል አቶ ዘለቀ ቀጠሉ።

"ግን አንድ ነገር አለ። ያን ቀን ልጅቷን ጠይቀዋታል። አላውቅም አለች። እዚሁ ግቢ ያደገች ልጅ አታውቅም ለማለት ይከብዳል። እያወቀች ሽማግሌ ፊት አባቷን የካደች ከሆነ፣ ነገ ልጄን ምን ታደርገዋለች? ይህን ማወቅ አለብኝ። እና እውነቱን ይንገሩኝ፤ መኪናዋ ምንድን ነች?"

እኚህ ሰው አንድ ጊዜ ማግኔታቸው ከወደቀች የማይገዙ ሰው ናቸው። ይህን ቡልጋሪያ በሙሉ ያውቃል። በመስኮት መኪናዋን አየኋት። ሸራዋ በአንድ ጎን ተገልጦ ከጎማዋ በላይ ያለው ቀዩ ፓራፋንጎ ይታያል። ሁዳዴን ሙሉ የፈገፈግኩት፣ በሁለት ቅብ ያወጣሁት ቀይ። መዳፌ ላይ አሁንም የሚያሳክክ ቦታ አለ።

"ስቱኮ ነች" አልኩ።

"ሙሉ በሙሉ?"

"ሙሉ በሙሉ። እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው የዋሸሁት። ልጅቷ ስለ መኪና ምንም አታውቅም።"

አቶ ዘለቀ በረዥሙ ተነፈሱ። ፊታቸው በራ። ማግኔት አይዋሽም ብዬ ነበር እኮ ብለው ማግኔቷን ከጠረጴዛው አንስተው ወደ ቁልፋቸው መለሷት። ስለ ልጃችን አመሰገኑኝ፤ ጨዋ አሳድገዋል አሉኝ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው። መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና ፓራፋንጎዋን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጓት።

"ብቻ ያንን ያህል ስቱኮ እንደዚህ አለስልሶ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም" አሉ። "እጅዎ ይባረክ።"

አሜን አልኩ።